ስለሳቀች ሐኪም ዘንድ የተወሰደችው ሸምሲያ

ሸምሲያ የሳቀችው መካ ውስጥ፣ ሚስፈላ ሠፈር፣ ለዑምራ ባረፉበት ሆቴል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያሳቀቻት ደግሞ ርግብ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሸምሲያ አሠሪ መዳም ረሺዳ እናቷን ሲቲ ሰዒዳን ዑምራ ልታስደርግ ከጅዳ ስትመጣ፣ የሲቲን ተሽከርካሪ ወንበር እንድትገፋ ሸምሲያንም ይዛት መጣች። ሲቲ፣ እመቤት ማለት ነው፣ ጉልበታቸው አስቸግሯቸዋል እንጂ ምላሳቸው የሃያ ዓመት ኮረዳ ነው። መዳም ረሺዳ በጅዳ የአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት፤ የጫማዋ ድምፅ ኮሪደር ላይ ሲሰማ ተማሪው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል ይባላል። ያን ዕለት ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ክፍሉ ታፍኖ ነበርና መዳም መስኮቱን ከፈተችው። ወዲያው አንዲት ግራጫ ርግብ ገባችና ዳቦው ትሪ ላይ ቁጭ አለች።

መዳም እጇን አንስታ "እሽ!" ልትል ስትል ሲቲ ከአልጋቸው ጮኹ።

"ተይ! የሐረም ርግብ አይባረርም! ሐራም ነው!"

እጇ አየር ላይ ቀረ። እውነት ነው፣ እሷም ታውቀዋለች፤ መካ ውስጥ አውሬና ወፍ ከተቀመጠበት አይነሣም። ስለዚህ ያቺ ትምህርት ቤት ሙሉ የምታንቀጠቅጥ ሴት ርግቧን ትለማመጥ ጀመር። "ተፈዶሊ፣ እመቤቴ… በመስኮቱ በኩል፣ እባክሽ…" እያለች በሁለት እጇ መንገድ ታሳያታለች። ርግቧ ዳቦውን ቀማመሰች፣ ከትሪው ወረደች፣ ምንጣፉን እንደ ባለቤት ተንጎራደደችበት፤ ከዚያ ብድግ አለችና የመዳም ረሺዳ ጭንቅላት ላይ አረፈች።

መዳም አንገቷን እንደ ምሰሶ አድርጋ ቆመች። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣

"ሸምሲያ፣ አንድ ነገር አድርጊ" አለች።

ሸምሲያ ከሆዷ አንዳች ነገር ሲነሣ ተሰማት። መጀመሪያ ሳል መሰላት። ቀጥሎ ማስታወክ መሰላት። ሲወጣ ግን ሳቅ ነበር። ወለሉ ላይ ዘፍ አለች፤ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ሳቁ በአፍንጫዋ ወጣ።

"ሳቀች! ወላሂ ሳቀች!" አሉ ሲቲ ሰዒዳ፤ እልልታቸውንም አቀለጡት። ከጎን ክፍል ያሉ ግብፃውያን ሴቶች ሰርግ መስሏቸው እልልታውን ተቀበሉ። ርግቧም ደንግጣ በመስኮቱ ወጣች፤ መዳም ረሺዳ ፀጉር ላይ ትንሽ ማስታወሻ ጥላ።

አንዲት ሴት ስለሳቀች ይህን ያህል እልልታ ለምን? የሸምሲያ ፊት ከዚያ በፊት ለወራት ፈገግ ብሎ ስላላወቀ ነው።

ሕመሙ ያን ጊዜ ሲመጣባት ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ የመጣባት አገሯ ወሎ፣ ሐይቅ ሳለች፣ ተማሪ እያለች ነበር። አንድ ክረምት ከመኝታዋ መነሣት አቃታት፤ ምግብ አፈር አፈር አላት። ዓይን ነው ተባለ፣ ጂኒ ነው ተባለ፤ ሸኹ ቁርኣን ቀሩባት፣ እናቷ እንደ ሕፃን አጎረሰቻት፤ ወራት ቆይቶ እንደ አመጣጡ በራሱ ሄደ። ሁለተኛው ጅዳ በገባች በመጀመሪያው አሠሪዋ ቤት መጣ። ያ ጊዜ አውሮፕላኑ ሁሉ ሴት ልጅ ጭኖ የሚመጣበት ዘመን ነበር፤ አንዷ ብትዝል ሌላዋ በሳምንቱ ትተካለች። "ሰነፍ ናት" ብለው ወደ መክተቡ፣ ማለት ወደ አስቀጣሪው ቢሮ መለሷት። እሱም ቆይቶ ሄደ፤ ሸምሲያም ናፍቆት ነው ብላ ረሳችው። የአገሯ ልጆች ሁሉ የሚሏት ይህንኑ ነበር። "ናፍቆት ነው፤ ይለፍሻል።"

ሦስተኛው ሲቲ ሰዒዳ ቤት ውስጥ አገኛት። ሥራው እንደ ሌላው ቤት የሚያስመርር አልነበረም፤ ማንም አልሰደባትም፣ ደመወዟም አልቀረባትም። እሱ ነው ይበልጥ ያስጨነቃት፤ የምታሳብብበት አጣች። ሳህን ልታጥብ ትቆምና እጇ መሐል ላይ ይቀራል፤ ውሃው ይፈስሳል፣ እሷ ታያለች። ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞራል፦ አንቺ ለማንም አትጠቅሚም። ይዞርና እዚያው ይመለሳል፤ እንደገና ይዞራል።

መዳም ረሺዳ ውሃው ሲፈስ እያየች ታገሠች፣ ታገሠች፤ በመጨረሻ "ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ መክተብ እመልሳታለሁ" አለች።

ያን ቀን ሲቲ ሰዒዳ በምርኩዛቸው እያነከሱ ማድ ቤት ገቡ። ቧንቧውን ዘጉ። የሸምሲያን አገጭ ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩና አዩዋት።

"ስንተኛሽ ነው?" አሏት።

"ምኑ፣ ሲቲ?"

"ይሄ። ስንት ጊዜ መጣብሽ?"

ሸምሲያን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። "ሦስተኛዬ" አለች።

"ማሻአላህ፣ ገና ጀማሪ ነሽ! እኔ አምስተኛዬን ጨርሻለሁ" አሉ ሲቲ። "አንዱ ረሺዳን ስወልድ። አንዱ ባሌ ሲሞት። አንዱን ግን ልንገርሽ፣ የትልቁ ልጄ ሰርግ ሰሞን ነው የመጣብኝ! ቤቱ በከበሮ ይናጋል፣ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ አለቅሳለሁ። ልጆቹ እግሯን አሟት ነው ተብለው ነው ያደጉት።"

ማታ እራት ላይ ልጃቸውን ቁርጥ ያለ ነገር ነገሯት።

"ረሺዳ፣ ይቺን ልጅ መክተብ የምትመልሺ ከሆነ እኔንም አብረሽ መልሺኝ። ሕመማችን አንድ ነው።"

መዳም ረሺዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እናቷን ገና ዛሬ ያየቻት ይመስል ረጅም ጊዜ አየቻት። በሁለተኛው ቀን ሸምሲያ ወደ ሲቲ ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ፈሪዳ ተወሰደች።

ዶክተር ፈሪዳ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ስትሰማ እስክርቢቶዋን ታስቀምጣለች። ሸምሲያን ብዙ ጠይቃ ሲያበቃ የሕመሙን ስም ነገረቻት፤ ድባቴ ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይ አንዴ መጥቶ ይቀራል፣ አንዳንዱ ላይ እየሄደ ይመለሳል፤ ያንቺ የሚመላለሰው ነው አለቻት። ክኒን አዘዘችላት፣ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች እንድታወራት ቀጠረቻት። ከዚያ መዳምንና ሲቲን ወደ ውጭ እንዲወጡ ለመነችና ለብቻዋ ሌላ ነገር ነገረቻት። ድባቴ የሚመላለስባቸውን ሰዎች አእምሮ በኤም አር አይ ማሽን የሚያጠና ሥራ ይዛለች፤ አንዴ ታመው ሳሉ፣ አንዴ ሲሻላቸው ምስላቸውን ታነሣለች።

"እምቢ ብትይ ሕክምናሽ አይቀርም" አለቻት። "መዳምሽም 'ግቢ' ብላ ልታዝሽ አትችልም። ያንቺ ጭንቅላት ነው።"

"እሺ" አለች ሸምሲያ።

"ይሄ እሺታ አልጣመኝም። እምቢ ለማለት አቅም ያጣሽ ትመስያለሽ። ሄደሽ አስቢበትና ተመልሰሽ ንገሪኝ።"

ሸምሲያ ሄዳ አሰበችበት። በተመለሰች ጊዜ፣ "ውስጡን ማየት የሚቻል ከሆነ፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ" አለች። ዶክተር ፈሪዳ ይሄኛውን እሺታ ተቀበለችው። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ውስጥ ስትገባ አልፈራችም፤ ለመፍራትም ጉልበት ያስፈልጋል። እያንኳኳ ሲጮህባት፣ ማንም "ሸምሲያ!" ብሎ የማይጠራኝ ቦታ አገኘሁ ብላ ዝም ብላ ተኛች።

ክኒኑ አልቸኮለም። መጀመሪያ እንቅልፏ ተስተካከለ። ቀጥሎ አንድ ቀን በልታ ስትጨርስ ምግቡ ጨው እንደበዛበት ገባት፤ ጣዕም ተመልሶላት ነበር። ያ ሐሳብ መዞሩን ባይተውም ድምፁ እየሰለለ ሄደ። በመጨረሻ ሚስፈላ ላይ ርግቧ መጣች።

ከርግቧ በኋላ ደግሞ ሳቁ ማቆሚያ አጣ።

ጅዳ እንደተመለሱ በሁሉም ነገር ትስቅ ጀመር። ልብስ ማጠቢያው ሲያስገመግም ከቦታው ተነሥቶ ወደ በሩ ሲሄድባት ሳቀች። ሲቲ ጥርሳቸውን ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጠው በስልክ ሲጣሉ ሳቀች። ዓርብ ዕረፍቷ ነውና ጓደኛዋ ማዘንጊያ ወደ ተከራየችበት ወደ በኒ ማሊክ ሠፈር ሄደች። ማዘንጊያ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት፤ ከቤት ቤት እየዞረች በሰዓት ታጸዳለች፤ ድምፅዋ ከሦስተኛ ፎቅ መንገድ ላይ ይሰማል። በእነዚያ በጨለሙ ወራት ሸምሲያን በየዓርቡ እየተቀበለች፣ ፀጉሯን እየሠራች፣ ለብቻዋ ስታወራ የኖረች እሷ ናት። "ስሜ ማዘንጊያ ነው፤ ሐዘንሽን ሳላዘነጋሽማ አልቀርም" ትላት ነበር፤ ሸምሲያ ግን ቃል አትመልስላትም።

ያን ዓርብ ሸምሲያ በሩን ከፍታ ገና የማዘንጊያን ፊት ስታይ ሳቀች። ማዘንጊያ ፊቷን እርጎ ተቀብታ ነበር።

"እሰይ! እሰይ የኔ እናት!" ብላ ከነእርጎው አቀፈቻት። ሁለቱም እርጎ በእርጎ ሆኑ። ሸምሲያ ሳቀች። ማዘንጊያም ሳቀች። ሸምሲያ ፀጉሯን ለማሠራት ተቀምጣ ሳቀች፤ መንገድ ላይ የዓሣ ሻጩ ጩኸት ሲሰማ ሳቀች፤ እያወራች ሳለ መሐል ላይ ርግቧ ትዝ ስትላት እንደገና በሳቅ ፈረሰች። ያኔ የማዘንጊያ እጅ ሹሩባው ላይ ቆመ።

"ሸምሲያ፣ እውነት ደኅና ነሽ?"

"ደኅና… ደኅና ነኝ…" ብላ ትንፋሽ አጣች።

ማዘንጊያ ጎረቤቶቿን አማከረች። አንዷ "ያ ሄዶ ሌላ ተተክቶባታል" አለች። ሌላዋ "ክኒኑ በዝቶባት ነው" አለች። ማዘንጊያ ይሄን ስትሰማ አላስቻላትም፤ ስልኳን አንሥታ ሲቲ ሰዒዳ ዘንድ ደወለች። ዐረብኛዋ ለወለል ማጽጃና ለበረኪና እንጂ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚበቃ አልነበረም።

"ሲቲ! ሸምሲያ መጅኑን! ዲሕክ ከቲር! ከቲር!" አለች። አብዳለች፣ ሳቅ በዝቷል ማለቷ ነው።

ሲቲም ደነገጡ። መዳም ረሺዳም ደነገጠች፤ እንዲያውም በራሷ ፈቃድ ከትምህርት ቤት ቀረች። ከዶክተር ፈሪዳ ፊት ሲቀርቡ አራት ነበሩ፤ ሸምሲያ፣ ሲቲ በወንበራቸው፣ መዳም ረሺዳ፣ ማዘንጊያ።

"ምን ሆነች?" አለች ዶክተሯ።

"ሳቀች" አሉ ሦስቱ ባንድ አፍ።

ዶክተር ፈሪዳ አልቀለደችበትም። ድባቴ አንዳንድ ሰው ላይ ተገልብጦ ከልክ ያለፈ ደስታ ሆኖ ይመጣል፣ ያም ራሱ ሕመም ነው፤ ማምጣታችሁ ደግ ነው አለችና ወደ ሸምሲያ ዞረች።

"ሌሊት ትተኛለሽ?"

"ሲቲ በምርኩዛቸው ካልነቀነቁኝ አልነሣም።"

"ሐሳብሽ ይሮጣል? ንግግርሽ ይቀድምሻል?"

"እንዲያውም ቃል ሲጠፋኝ ነው የምስቀው።"

"ከሰው ሁሉ እበልጣለሁ፣ የማልችለው የለም፣ መብረር እችላለሁ የሚል ነገር ይመጣብሻል?"

"ወላሂ ዶክተር፣ የማዘንጊያን ደረጃ ወጥቼ ስጨርስ እንኳ ይደክመኛል።"

"ታዲያ በምን ነው የምትስቂው?"

ሸምሲያ "ርግቧ…" ብላ በሳቅ ታፈነች። ሲቲ ሰዒዳ ተረከቡ። ርግቧ እንዴት እንደገባች፣ ዳቦውን እንዴት እንደቀማመሰች፣ ልጃቸው "እመቤቴ" እያለች እንዴት እንደለመነቻት፣ ሁሉንም በእጃቸው እያሳዩ ነገሩ። ጭንቅላቷ ላይ ማረፏ ጋ ሲደርሱ ዶክተር ፈሪዳ ከንፈሯን ነከሰች፤ መስኮቱን አየች፤ ጣራውን አየች። ከዚያ የመዳም ረሺዳን የተኮሳተረ ፊት ድንገት አየችና ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች።

"ፀጉሬ ላይም ጥላብኛለች" አለች መዳም ረሺዳ በርእሰ መምህርት ድምፅ። "ይሄንን እናቴ ዘለለችው።" ይህን ብላ እሷ ራሷ ሳቀች። ሳቋ ቀጭን ነው፤ እንደ በር ማጠፊያ ይጮኻል፤ ማንም ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ዶክተር ፈሪዳ ዓይኗን ጠረገች። "እከታተላታለሁ፤ ለአሁኑ ግን ይሄ ሕመም አይደለም፤ ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት ነው። መዳም ራስ ላይ ርግብ አርፋ የማይስቅ ሰው ካለ እሱን አምጡልኝ፤ እሱ ይመርመር።"

ማዘንጊያ የተባለውን ሸምሲያ ስትተረጉምላት ሰማችና "እመብርሃን ትክበር ትመስገን!" ብላ ኮሪደሩን አነቃነቀችው።

ሁለተኛው ምስል የሚነሣበት ጊዜም ደርሶ ነበር። ሲቲ ሰዒዳ ይሄን ሲሰሙ "እኔስ?" አሉ። "አምስት ጊዜ የመጣብኝን ትታችሁ ሦስት ጊዜ የመጣባትን ታነሣላችሁ? ፍርድ የት ሄደ?" ዶክተሯ ዕድሜያቸውንና ጤናቸውን አጣራች፤ ለጥናቱ ከተወሰነው ዕድሜ አላለፉም፤ ደኅና ሳሉ ብቻ ከሚነሡት ጋር ተቀበለቻቸው።

በቀጠሮው ቀን ማዘንጊያም ፈቃድ ወስዳ አብራ መጣች። የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከእሷ ነው። ብረት የሚባል ነገር ወደ ማሽኑ ክፍል አይገባም፤ ማዘንጊያ ደግሞ ዓርብ ዕለት የሸምሲያን ሹሩባ ስትሠራ እንዳይፈታ ብላ በየመስመሩ የፀጉር መርፌ ደብቃለች።

"ሌላ አለ?" ይላል የማሽኑ ባለሙያ።

"የለም" ትላለች ሸምሲያ።

"አለ" ትላለች ማዘንጊያ፤ እጇን ከሹሩባው ሥር ሰዳ ሌላ ታወጣለች። ሳህኑ ላይ የመርፌ ክምር ተሠራ።

ባለሙያው ኢልያስ ይባላል፤ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ እሱ ግን ጅዳ ተወልዶ ጅዳ ያደገ ነው። አማርኛ የሚያውቀው እናቱ እቤት ለእሱ ስትናገር ሰምቶ ብቻ ስለሆነ፣ ዓለምን ሁሉ አንተ እያለ ነው የሚጠራው። የአገሩን ልጅ በአገሩ ቋንቋ ላስተናግዳት ብሎ ዐረብኛውን ተወና ማይክራፎኑን ያዘ።

"ያ ኡኽቲ፣ ተኛ" አለ፤ እኅቴ ማለቱ ነው።

ሸምሲያ ተኛች። አልጋው ወደ ውስጥ ገባ።

"ጎበዝ ነህ። አሁን አትንቀሳቀስ። ምንም አታስብ። ዓይንህን ክፈት፤ እንዳትተኛ!"

ሸምሲያ "ተኛ ብሎኝ አልነበር?" ብላ አሰበች። አንተ መባሏም ተጨመረበት። ከሆዷ ያ የምታውቀው ነገር መነሣት ጀመረ። ስለ ሞት ልታስብ ሞከረች። ስለ ቀብር አሰበች። ቀብሩ ላይ ርግብ መጣች።

"ያ ኡኽቲ! አትሳቅ! ምስሉ ይበላሻል! በአላህ ይዤሃለሁ፣ አትሳቅ!"

ሸምሲያ ጉድ ሆነች። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ በመስታወቱ ማዶ ማዘንጊያ "በማርያም፣ ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ዝም በል! አንተ ነህ የምታስቃት!" እያለች ኢልያስን ትቆጣለች። ምስሉ ተበላሸ፤ እንደገና ተጀመረ፤ እንደገናም ተበላሸ። በመጨረሻ ዶክተር ፈሪዳ ገብታ ኢልያስን ዐረብኛ ብቻ እንዲናገር አዘዘችው። ያኔ ሸምሲያ ተረጋጋች። ማሽኑ ያንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ያጉተመትማል፤ እሷ ዓይኗን ከፍታ ነጩን ጣራ ታያለች። ያ የድሮው ሐሳብ ይኖር እንደሆነ በጆሮዋ ፈለገችው። አልነበረም፤ ወይም ተኝቷል። የሰማችው ሆዷ ሲጮህ ብቻ ነው፤ ርቧት ነበር፤ እንደራባት ማወቋም ደስ አላት።

ሲቲ ሰዒዳ ሲገቡ ደግሞ ኢልያስ እንደገና ማይክራፎኑን አነሣ።

"ያ ሐጃ፣ እግርዎ እየተንቀሳቀሰ ነው።"

"ማሽኑ ከበሮ እየመታ ዝም በይ ትለኛለህ?" ሲሉ ተሰሙ ከውስጥ። "ደግሞስ የምታየው ጭንቅላቴን አይደል? እግሬ ምን አገባህ?"

የጥናቱ ሥራ ብዙ ሰው የሚጠይቅ ስለነበር ዶክተር ፈሪዳ ውጤቱን ልታስረዳቸው የጠራቻቸው ከወራት በኋላ ነው። አራቱም መጡ፤ ማንም ለማዘንጊያ ጥሪ አልላከላትም፣ እሷም መቅረት በሐሳቧ አልመጣም።

"ሰው ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ሲቀመጥ" አለች ዶክተሯ፣ "አእምሮው ውስጥ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ቦታዎች አሉ። ስለ ራሳችን ስናስብ፣ ያለፈውን ስናስታውስ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ድባቴ የተመላለሰባቸውን ሰዎች ካልተመላለሰባቸው ጋር ስናስተያይ ይህ ንግግር ተለውጦ እናገኘዋለን፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ላልቷል፣ አንዳንዱ ላይ ጠብቋል። ሌሎች ያጠኑም አሉ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ አይገጥምም። ለውጡን ያመጣው የሕመሙ መመላለስ ይሁን የመድኃኒቱ መቆየት ደግሞ ገና አልለየንም።"

"ተኳርፈዋል ማለት ነው" አለች ማዘንጊያ ሲተረጎምላት።

"ታዲያ የኔ የቱ ነው?" አለች ሸምሲያ። "የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሲተያይ፣ ድኛለሁ?"

ዶክተር ፈሪዳ ራሷን ነቀነቀች። "ከአንድ ሰው ምስል ይሄንን ማንበብ አልችልም፣ ሸምሲያ። የምናየው የብዙ ሰው ምስል ተደምሮ ነው። ያንቺን ብቻ ከፊቴ ብታስቀምጪው ታማለች ወይ ድናለች ማለት አልችልም። መዳንሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።"

ሸምሲያ ቅር አላት። ፎቶዋን አንሥቶ "ይኸው፣ ጠራ" የሚላት ሰው ፈልጋ ነበር። ከዚያ የፈራችውን ጠየቀች።

"ይመለሳል?"

"ሦስት ጊዜ ለመጣበት ሰው የመመለሱ ዕድል ሰፊ ነው። አልዋሽሽም። ክኒኑን ካላቋረጥሽ፣ ሲጀምርሽ ቶሎ ከመጣሽ ግን እንደ በፊቱ አይጥልሽም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።"

ሲቲ ሰዒዳ በምርኩዛቸው ወለሉን ቆረቆሩ።

"እንግዲህ ይምጣ። እኔን አምስት ጊዜ ጎብኝቶኝ ይኸው አለሁ። ዋናው ሲመጣ ማወቅ ነው። በምን እናውቃለን?"

"እኔ አውቃለሁ" አለች ማዘንጊያ፤ "ፀጉሯን ስሠራ ጎትቼ እንኳ ካላሳመማት እሱ ነው።"

መዳም ረሺዳ ጣቶቿን አቆላልፋ ተቀምጣ ነበር። "ሳህን ስታጥብ ውሃው ይፈስሳል" አለች ቀስ ብላ። "እጇ ይቆማል። እኔ አይቼዋለሁ። ያኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር።" ቀና ብላ ሸምሲያን አየቻት። "አሁን ባይ ቧንቧውን ዘግቼ ወደዚህ ነው የማመጣሽ።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ መዳም" አለች ሸምሲያ።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃ ነበር። ሲቲ ሰዒዳ "ቤት አልገባም፤ ኮርኒሽ ውሰዱኝ" አሉ። ባሕሩ ዳር በሊላ የሚሸጥ ሰው አገኙ፤ የተቀቀለ ሽንብራ ነው፣ በኮምጣጤና በሚጥሚጣ መሳይ ነገር የሚበላ። ሲቲ "ቃሪያ ጨምርበት! ጨምር! ስስታም!" እያሉ ሻጩን መቆሚያ አሳጡት። ማዘንጊያ አንዱን ጨርሳ የሸምሲያን ነጠቀቻት። መዳም ረሺዳ ከቆመችበት ሳትጠጋ ቆይታ ቆይታ፣ ዞር ብላ ተማሪ አለመኖሩን አይታ፣ እሷም በጣቷ በላች።

እዚያ ቆመው ሳለ የሸምሲያ ስልክ ጮኸ። እናቷ ነበረች፣ ከሐይቅ። ሸምሲያ ለእናቷ ስለ ሕመሙ አልነገረቻትም ነበር፤ ስትደውል ሁሉ "አልሐምዱሊላህ" እያለች ነበር ወራቱን ያሳለፈችው። አሁን ግን ነፋሱ ደስ ይል ነበር፤ ሁሉንም ነገረቻት። ያ የልጅነቷ ሕመም ሁለቴ እንደተመለሰባት፣ ስም እንዳለው፣ ክኒን እንደምትውጥ፣ ጭንቅላቷን በማሽን እንዳነሡት።

ሸምሲያ እናቷ የምታለቅስ መሰላት።

"ከፈቱሽ?" አለች እናቷ።

"አይ እማ፣ አልከፈቱኝም፤ በውጭ ሆነው ነው የሚያዩት።"

"በውጭ ሆነው ውስጡን አዩት?"

"አዩት።"

"ታዲያ ምን አገኙበት?"

ሸምሲያ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የዶክተሯን ቃል ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት፤ ሳቋ ቀደማት። ማዘንጊያ ስልኩን ከእጇ መንጭቃ ወሰደችው።

"እማማ፣ እንደምን ዋሉ! ጓደኛዋ ማዘንጊያ ነኝ! አይስጉ፣ ጭንቅላቷ ሙሉ ነው፤ እኔ መርፌውን ነቅዬ አውጥቼላታለሁ!"

"የምን መርፌ?!" የሚል ጩኸት ከሐይቅ ድረስ ተሰማ፤ ሲቲ ሰዒዳ "ምን አለች? ምን አለች? ተርጉሙልኝ እንጂ!" እያሉ የሸምሲያን እጅጌ ይጎትታሉ፤ ሸምሲያ ግን የባሕሩን አጥር ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ ለማንም የምትተረጉምበት ትንፋሽ አልነበራትም።